በእጅ የተጠመዘዘ ሽቦ

ሄክተር ሎጋን የሞተው ሠልጣኞቹ ለሻይ በወጡባት የሃያ ደቂቃ ዕረፍት ውስጥ ነው።

ከአገልግሎት የወጣችው የማሠልጠኛ ጄት እንደ ወትሮው በክሪክ ተነሥታ ሃንጋሩ መካከል ቆማለች። ዕረፍቱ ሳያልቅ ወደ ሥራ የተመለሰችው የሦስተኛ ዓመት ሠልጣኟ ሞርቨን ታሎክ መጀመሪያ ያየችው በአየር ላይ የሚንፈራገጡ ሁለት ቦት ጫማዎችን ነበር። የግራው ጎማ መክተቻ የብረት ክዳን ዋና አሠልጣኙን ሎጋንን ደረቱ ላይ ነክሶ ይዞታል። ክዳኑን በዘይት ግፊት የሚዘጋው ፓምፕ ይጮኻል።

ሞርቨን ወደ ፓምፑ እጀታ ሮጠች። እጀታው «ዝጋ» ላይ በሽቦ ታስሯል። በጣቶቿ ልትፈታው ታገለች፤ ሽቦው ሥጋዋን በጣጥሶ ደሟ እጀታው ላይ ወረደ። ከወዲያ በኩል የሎጋን ጎድን አጥንት ሲሰበር ይሰማታል። ዕቃ ቤቱ መስኮት ሄዳ መቁረጫ ይዛ እስክትመለስ፣ ሽቦውን እስክትቆርጥ፣ ክዳኑ እስኪከፈት ድረስ ሁለት ደቂቃ አለፈ። ሎጋን እላይዋ ላይ ወደቀ። ሊናገር አፉን ሲከፍት የወጣው ደም ብቻ ነበር።

ኢንስፔክተር ኤልስፔት ሮይ በዝናብ በስብሳ ከደንካሪ ፖሊስ ጣቢያ ተነሥታ ሃንጋሩ ስትደርስ፣ ሳጅን ጊብ አንድ ወጣት በካቴና አስሮ ይጠብቃታል።

«በከንቱ ነው የበሰበሱት፣ ኢንስፔክተር» አላት። «ገዳዩ ስሙን ሰቅሎ ነው የሄደው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሰው ክዳኑ ውስጥ ሲገባ እንዳይዘጋበት ክዳኑን በሚገፋው ዘንግ ላይ የሚቆለፍ ቀይ ማገጃ አለ። ማገጃውን ያወለቀ ሰው የራሱን የነሐስ ቁጥር መንጠቆው ላይ ይሰቅላል። የቤቱ ሕግ ነው። ይኸው፣ ማገጃው ወልቋል፤ መንጠቆው ላይ ሰባት ቁጥር አለ። ሰባት ቁጥር ይሄ ነው፤ ራሪ ጋልት።»

«ሟቹን ይጠላው ነበር እንዴ?»

«ባለፈው ሐሙስ በሁሉም ፊት 'እገድልሃለሁ' ብሎታል።»

ሮይ ወጣቱን አየችው። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በእንጨት ተደግፈው በፋሻ ተጠቅልለዋል።

«ጣትህን ምን ነካው፣ ልጄ?»

«ሚስተር ሎጋን የመሣሪያ ሣጥን ክዳን ዘጋበት። መፍቻ ቦታው ሳልመልስ ስለቀረሁ። 'አሁን አትረሳም' አለኝና ስቆ ሄደ። አዎ፣ እገድልሃለሁ ብዬዋለሁ። ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር። ግን አልገደልኩትም። ውጭ ሲጋራ እያጨስኩ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ዝናቡ።»

«ቁጥርህስ?»

«ከሰኞ ጀምሮ ጠፍቶብኛል። ለመሰርሰሪያ ማስያዣ ዕቃ ቤት ሰጥቼው ነበር፤ ስመለስ አልተገኘም። ለሚስተር ሎጋን መናገር ፈራሁ። ሌላውን እጄን ደግሞ ሊሰብረው ነው ብዬ!»

ሳጅኑ ሳቀ። ሮይ አልሳቀችም። ወደ ፓምፑ ሄዳ ተንበረከከች። የተቆረጠው ሽቦ እጀታው ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እንደ ሹሩባ እኩል ተጠማዝዘዋል፤ ጫፋቸው ሰው እንዳይወጋ እዚያው ሹሩባው ላይ ሦስት ዙር ተጠምጥሟል። አጉሊ መነጽሯን አውጥታ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ማነው ዕረፍቱን ሻይ ቤት ያላሳለፈው?» አለች ሳትነሣ።

«ከዚህ ሌላ ሦስት ሰው። ያገኘችው ልጅ፣ ሁለተኛው አሠልጣኝና የዕቃ ቤቷ ሴትዮ።»

ሞርቨን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተቀምጣለች። የቆሰሉ ጣቶቿ በፋሻ ታስረዋል፤ የሎጋን ደም ግን አሁንም አንገቷ ላይ ደርቋል።

«እዚሁ ሆኜ ከእህቴ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር» አለች። «ወደ ሥራዬ ቶሎ የተመለስኩት እንዳይጮህብኝ ነው።»

«ይጮህ ነበር?»

«ጩኸቱስ ጥሩ ነበር።» ሞርቨን እጆቿን አየች። «ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ያችው ክዳን ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስሠራ ማገጃውን በስተኋላዬ አውልቆ እጀታውን ነካ አደረገው። ክዳኑ ጀርባዬ ድረስ መጣና ቆመ። ስጮህ ይስቃል። 'ሁለተኛ ማገጃውን ሳታረጋግጪ አትገቢም' አለኝ። ትምህርት መሆኑ ነው።»

«ማን አየ?»

«ክፍሉ በሙሉ። ሁለተኛው አሠልጣኝ ሚስተር ደንም ቆሞ አየ። የዕቃ ቤቷ ዊናም ከመስኮቷ አየች።»

«ዛሬ መቁረጫውን ማን ሰጠሽ?»

«ዊና። እሱም...» ልጅቷ አመነታች። «እየጮህኩ ደርሼ 'መቁረጫ! ሰው እየሞተ ነው!' ስላት፣ 'ቁጥርሽን አስይዢ' አለችኝ። ኪሴን ስዳብስ ቆየሁ። ደንግጣ ነው መሰለኝ። ሰው ሲደነግጥ የለመደውን ነው የሚለው።»

ሁለተኛው አሠልጣኝ ኢነስ ደን ረዘም ያለ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ሰው ነው። የሎጋንን ወንበር ከወዲሁ ይዟል።

«አላለቅስለትም» አለ። «ሰውዬው አውሬ ነበር። ደግሞም የድንጋይ ዘመን ሰው! ቡሎን እንዳይላላ የሚታሰር ሽቦ በዚህ ዘመን በእጅ ይጠመዘዛል? እኔ ከፋብሪካ ነው የመጣሁት። አሥራ ሰባት ዓመት በማጠማዘዣ ፒንሳ ሠራሁ፤ አንድ ጎተት ስታደርገው አለቀ።»

«ከሄደ ወንበሩ የእርስዎ ነው ማለት ነው።»

«ሊሆን ይችላል። ታዲያ ወንበር ብዬ ሰው እጨፈልቃለሁ?»

«እስቲ ይቺን በእጅዎ ያጠማዝዙልኝ።» ሮይ ከኪሷ ቁራጭ ሽቦ አወጣች።

ደን ፊቱ ቀላ፤ ሞከረ። አንዱ ጋ ላልቶ ሌላው ጋ ቋጥሮ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «በፒንሳ ነው የምሠራው አልኩሽ እኮ!»

ሮይ ግን ዓይኗ ከወንበሩ በላይ ግድግዳው ላይ ነበር። ባለመስተዋት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ውስጡ ሎጋን በሠላሳ ዓመት ያሠለጠናቸው ሰዎች ያጠማዘዟቸው ሽቦዎች በየዓመቱ ተደርድረዋል፤ ከየረድፉ ሥር የክፍሉ ፎቶግራፍና የስም ዝርዝር አለ። ከላይ ጀምራ እስከ ታች አነበበችው። አንድ ፎቶግራፍ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ከዚያም ወደ ሞርቨን ተመልሳ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት።

ዕቃ ቤቱ መስኮት ላይ ዊና ኬርድ ተቀምጣለች። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከጀርባዋ እያንዳንዱ መሣሪያ ግድግዳው ላይ በቀለም በተሣለ የራሱ ጥላ ላይ ተሰቅሏል። ስትናገር በየአራት ቃሉ ትንፋሽ ትወስዳለች።

«አስም ነው?» አለች ሮይ።

«አዎ፣ አስም... የቆየ።»

«በዕረፍቱ ከዚህ ወጥተሽ ነበር?»

«የት እሄዳለሁ ብለው? ሻይዬንም እዚሁ ነው የምጠጣው።»

«ሎጋን በየዕረፍቱ ብቻውን ይቀር ነበር አሉ።»

«የልጆቹን ሥራ ያያል። ፓምፑን እንዳስነሣ ይገባና... በባትሪ ያያል። ሁሉም ያውቃል።»

«ሽቦውን አይተሽዋል? ባለሙያ ያሠረው ነው ይላሉ።»

«እኔ የሽቦ ነገር የት አውቄ!» ዊና ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እኔ መስጠትና መቀበል ነው... ሥራዬ።»

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሮይ አራቱንም ጄቷ ሥር ሰበሰበቻቸው። ደሙ ላይ ሸራ ተዘርግቷል። ሳጅን ጊብ ራሪን ትከሻውን ይዞታል።

«ካቴናውን ፍታለት» አለች ሮይ።

«ኢንስፔክተር፣ ቁጥሩ እኮ...»

«ፍታው አልኩ። ይህን ሽቦ ያሠረ ሰው አሥር ጤነኛ ጣት ያስፈልገዋል። አንዱን ጫፍ በአንድ እጅ ወጥረህ በሌላው አውራ ጣትና ጠቋሚ ነው የምታዞረው። የራሪ ጠቋሚና መሐል ጣት ከሐሙስ ጀምሮ እንጨት ላይ ናቸው። ማንኪያ መያዝ የማይችል ልጅ ይህን አያሥርም።»

ካቴናው ወለሉ ላይ ወደቀ። ራሪ የእጅ አንጓውን ማሸት እንኳን ረሳ።

«በፒንሳ ታሥሮ ቢሆንስ?» አለ ደን።

«ፒንሳ ጥርስ አለው፤ ሽቦው ላይ ይነክሳል። እዚህ ላይ አንድም ንክሻ የለም። በእጅ ነው የተሠራው። እርስዎ ደግሞ በእጅ ሲሠሩ አይቻለሁ፣ ሚስተር ደን። እንኳን ሰው ሊገድል፣ ጆንያም አያሥር።»

ሞርቨን የሁሉም ዓይን ወደ እርሷ ሲዞር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እኔ... በእጄ አጠማዝዛለሁ። ከክፍሉም አንደኛ ነኝ። ግን እንዲህ አይደለም!»

«አይደለም» አለች ሮይ። «አንቺን ምን ብዬ ነበር የጠየቅኩሽ?»

«ጫፉን ምን እንደምናደርገው። አንዴ ወደ ውስጥ እናጥፈዋለን አልኩ።»

«የሎጋን ሰሌዳም ይህንኑ ይላል። ያለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ሽቦዎች በሙሉ ጫፋቸው አንዴ ታጥፏል። ከዚያ በፊት ያሉት ግን ሦስት ዙር ይጠመጠማሉ። እጀታው ላይ ያለው ሦስት ዙር ነው። ገዳዩ ቸኩሏል፤ ሲቸኩል ደግሞ እጁ መጀመሪያ የተማረውን ሠራ። ስለዚህ የምፈልገው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ሎጋን ያሠለጠነውን ሰው ነው። እዚህ ሕንጻ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ፎቶግራፉን ከኮቷ ውስጥ አወጣች። አሥራ አንድ ወንዶች፣ መካከላቸው አንዲት ቀይ ፀጉር ልጃገረድ።

«ሃያ አራት ዓመት ሆነው። ከሥሩ 'ዊና ኬርድ' ይላል። ሽቦሽም ከክፍሉ ሁሉ ያምራል፣ ዊና። ታዲያ የሽቦ ነገር አላውቅም ያልሽኝ ለምንድን ነው?»

ዊና የፓምፑን ጠርዝ ያዘች።

«የራሪን ቁጥር ከሰኞ ጀምሮ የያዝሽው አንቺ ነሽ» አለች ሮይ፤ ድምፅዋ አልጨመረም። «ሎጋን ክዳኑ ውስጥ ገባ፤ ፓምፑ ስለሚጮህ ኮቴሽን አልሰማም። ማገጃውን አወለቅሽ፣ ቁጥሩን ሰቀልሽ፣ እጀታውን ጫንሽ፣ አሠርሽ። ሞርቨን ነፍስ ልታድን ስትሮጥ ደግሞ ማስያዣ ጠየቅሻት። ድንጋጤ አልነበረም። እስኪሞት እየጠበቅሽ ነበር።»

ዊና የፓምፑን ጠርዝ ለቀቀች።

«አስም የለኝም» አለች። «አራት ጎድን አጥንቴ ነው... ሳንባዬ ውስጥ የገባው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እንደ ሞርቨን ጎንበስ ብዬ ስሠራ ማገጃውን አወለቀ፤ ሊያስተምረኝ። እጀታው አመለጠው። ሆስፒታል አልጋዬ ድረስ ወረቀት ይዞ መጣ። 'ማገጃውን ራሴ አወለቅኩ' የሚል። ፈርሚና ዕቃ ቤት ሥራ አለሽ አለኝ። ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ሥር ሲያልፍ በየቀኑ... 'ደህና አደርሽ ዊና' ይለኛል። ማክሰኞ ዕለት ሞርቨን ስትጮህ የሰማሁት ድምፅ የራሴ ነበር።»

ሞርቨን እያለቀሰች ነበር። ራሪ ግን አላለቀሰም። ቀስ ብሎ ወደ ዊና ተጠጋ።

«እኔ ምን አደረግኩሽ?» አላት። «እስኪ ንገሪኝ። በየጠዋቱ ቋሊማ በዳቦ የማመጣልሽ እኔ አይደለሁም? ዕድሜ ልኬን እስር ቤት ልትሰጂኝ! ምን አደረግኩሽ?»

ዊና ልትመልስለት አፏን ከፈተች። ትንፋሽ አጠራት። ደግማ ሞከረች።

«ምንም» አለች። «እሱ ጥፋቱን በእኔ ስም አስፈረመኝ። እኔ ደግሞ የኔን በአንተ ቁጥር ሰቀልኩት። በደንብ ነው... ያሠለጠነኝ።»

ራሪ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ በደህና እጁ መዶሻ አነሣ። ሳጅን ጊብ ዘሎ ሊይዘው ሲል ራሪ ዞሮ ወደ ሎጋን ቢሮ ሮጠ፤ የመስተዋት ሰሌዳውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ደበደበው። የሠላሳ ዓመት ሽቦ ከስብርባሪው ጋር ወለሉ ላይ ተበተነ። ከልካይ አልነበረውም። ሲደክመው መዶሻውን ጣለና ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

ሮይ ዊናን ራሷ ይዛት ወጣች። እስከ መኪናው ድረስ ሁለቴ ቆመው ትንፋሽ ጠበቁ። የባሕሩን ዳርቻ መንገድ ሲይዙ ሮይ ዝም ማለት አልቻለችም።

«ያኔ ለፖሊስ ብትናገሪ ኖሮ» አለች «ዛሬ እሱ እስር ቤት፣ አንቺ ቤትሽ ነበርሽ።»

ዊና መስኮቱን እያየች ነበር።

«መጥቼ ነበር እኮ» አለች። «ከሆስፒታል እንደ ወጣሁ... ደረቴ በፋሻ እንደ ተጠቀለለ። ያው የእናንተው ጣቢያ ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ፖሊስ ወረቀቱን አነበበና 'ፈርመሽ የለም እንዴ' አለኝ። በሩንም ከፍቶልኛል፤ ትሑት ሰው ነበር።»

ሮይ ጣቢያው ደጃፍ ደርሳ ሞተሩን ካጠፋች በኋላም ከመኪናው ለመውረድ ጊዜ ወሰደባት።