አርባ ጉድጓድ በግጦሹ ሜዳ

ታላቁ የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ በበጋው አጋማሽ፣ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የግጦሽ ሜዳ የድርቆሽ መልክ ይዞ ነበር፤ ዝናብ በዓመት ከሁለት ወር በላይ የማይጎበኘው፣ ግራር እዚህም እዚያም የተበተነበት፣ ነፋስ ከጠዋት እስከ ማታ የማይለየው ሰፊ አገር ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ስድስት መቶ ወታደሮች በዚያ ሜዳ ላይ መሬት ተሰጥቷቸው ስንዴ እንዲዘሩ ከክቡር ሚኒስትሩ ትእዛዝ ስለ ወጣ፣ የእርሻ መሥሪያ ቤቱ አፈር መርማሪ አርባ ጉድጓድ አስቆፍሮ የአፈሩን ጠባይ በአሥራ ሁለት ቀን እንዲያስታውቅ ታዘዘ።

መርማሪው ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ዝምተኛ፣ በሐሩር እንኳ የኮሌታውን ቁልፍ የማይፈታ ሰው ነበር። ባልደረቦቹ «አቶ እፍኝ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ የትም ቢሄድ፣ የክቡር ሚኒስትሩ የአበባ መደብ እንኳ ቢሆን፣ አንድ እፍኝ አፈር ሳይዘግን አያልፍምና። የዘገነውን በውሃ ያርሰዋል፤ በመዳፉ ይጨብጠዋል፤ ከዚያ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል እየገፋ እንደ ጥብጣብ ያወጣዋል። ጥብጣቡ ሳይረዝም ከተቆረጠ አፈሩ አሸዋ በዝቶበታል ማለት ነው።

ወደዚህ ሥራ ሲነሣ ግን ልቡ ነፃ አልነበረም። በጦርነቱ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ያጣው ታናሽ ወንድሙ፣ አሥር አለቃው፣ በስድስት መቶዎቹ መዝገብ ላይ አሥራ አንደኛ ሆኖ ተጽፏል። ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር በመርማሪው ጓዳ ውስጥ ሁለት ዓመት ተጨናንቆ ኖሯል፤ ጥገኝነቱ አንገሽግሾታል።

«ጋሼ፣» አለው ሻንጣውን እያቀበለው፣ «አደራህን፣ አፈሩን ደህና አድርገህ እየው። ልጆቼ በእግራቸው ጣት መሄድ ለምደዋል፤ አንተ እንዳትነቃ እያሉ።»

«አየዋለሁ፤» አለ መርማሪው።

በሦስተኛው ቀን፣ ቁፋሮው ሳይጀመር፣ ወባ ጣለው። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ በካርታው ላይ ነጥብ እያደረገ ቆፋሪዎቹን ይልክ ጀመር። ቆፋሪዎቹ ነጥቡ ያረፈበትን መሬት በዶማ ቢሞክሩት፣ ላዩ በከብት ኮቴ ተጠቅጥቆና በፀሐይ ደርቆ እንደ ሸክላ ይጮኻል፤ ስለዚህ ሠላሳ አርባ እርምጃ ፈቀቅ እያሉ፣ ሣሩ ጠቆር ወዳለበትና ዶማው ወደሚገባበት ስፍራ ይቆፍሩ ነበር። ሠላሳ እርምጃ ምን አላት? ለመርማሪው የሚደርሰው የአፈር ከረጢት ጥቁርና ለስላሳ ሆነ፤ በጣቱ ሲያሸው አሸዋው ይሰማዋል፤ ቢሆንም ብስባሹ እስከ ክንድ ጥልቀት ይወርዳል ተባለ። ደስ አለው። ደስታው ስለ ሥራው ይሁን ስለ ወንድሙ ራሱን አልጠየቀም።

በአሥረኛው ቀን «አሸዋ የበዛበት ድብልቅ አፈር፤ ለስንዴ ይስማማል» ብሎ ፈረመና ለአገረ ገዢው በቴሌግራም አስተላለፈ፤ እሳቸውም በዚያው ዕለት ለእርሻው የተገዙት ትራክተሮች በባቡር እንዲጫኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ቤተሰቦችም እንዲነሡ አዘዙ።

ጉድጓዱን ሳይደፍን የሚሄድ መርማሪ በዚያ ሙያ ሰው አይባልም፤ ወባው ለቀቅ ሲያደርገው ድፈናውን ሊቆጣጠር ራሱ ወጣ። በደረሰበት የመጀመሪያ ጉድጓድ አፍ ላይ፣ በሜዳው የሚሰማራው ትልቅ መንጋ ባለቤት የሆኑ ባልቴት በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ጊደሬ እግሯ ሊሰበር ለጥቂት ተረፈች፤» አሉት፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፤ ዛሬውኑ እናስደፍነዋለን።»

«እሱስ ይሁን። እኔን የገረመኝ፣ ይህን ሁሉ አገር ትታችሁ በረቴን ምን አስቆፈራችሁ?»

«የምን በረት?»

«ይኸው የቆምክበት! ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከብቱ የሚያድረው እዚህ ነበር። ያም፣ ያኛውም፣ ሣሩ ጠቆር ያለው ሁሉ የድሮ በረት ነው። ፍጉ ሲበዛ፣ መዥገሩም ሲያስመርረን፣ በየሦስት ዓመቱ ለቀን እንሄዳለን። ስፍራው ግን ሠላሳ ዓመት ቢያልፈውም ያስታውቃል።» በጉድጓዶቹ አቅጣጫ ዓይናቸውን አዟዟሩና ሳቃቸው አመለጣቸው። «አይ ልጄ! አፈር ልታዩ መጥታችሁ ፍግ አይታችሁ ልትሄዱ!»

መርማሪው አልሳቀም። ዶማ ተቀብሎ በካርታው ላይ ነጥቡ ወዳረፈበት ገላጣ ሄደና በገዛ እጁ ቆፈረ። ላዩ የጣት ውፍረት ያለው ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ስንዝር የማይሞላ ፈዛዛ ቡናማ አፈር፤ ከዚያ በታች ጠጠርና ነጭ ኖራ። ዘግኖ አራሰው፤ ገፋው፤ ጥብጣቡ ወዲያው ተቆረጠ። አንድ ኮዳ ውሃ ቢያፈስበት፣ ቅርፊቱ ላይ ተንሸራቶ ሄደ፤ ቅርፊቱ በተነሣበት ደግሞ ምንም ሳይቆይ ሰመጠ። የሣር ጉቶ ነቅሎ ሲያራግፍ፣ ሥሩ አቅፎት የነበረው ደቃቅ አሸዋ በነፋሱ በነነ። በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ አሥራ አንድ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ሁሉም ያው ነው። አፈሩ በበረቱም በገላጣውም አንድ ነበር፤ ልዩነቱ ከብቶቹ የተዉት ብቻ ነው። ይህን ሣር ገልብጠው ቢያርሱት፣ ምናልባት ሁለት ዓመት ስንዴ ይሰጥና በሦስተኛው በጋ ነፋሱ ሜዳውን ጠርጎ ይወስደዋል። መርማሪው ከጉድጓዱ ዳር ተቀመጠ፤ በጣም አፈረ። በዚያው ምሽት «ለስንዴ አይስማማም» የሚል ሁለተኛ ወረቀት ፈርሞ ለአገረ ገዢው ላከ።

የአገረ ገዢው ቢሮ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መጋረጃው ፀሐይ የበላው ሰፊ ክፍል ነበር። አገረ ገዢው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግተው፣ የሰፈራው ኀላፊ ሻለቃ በአጠገባቸው ቆሞ፣ መርማሪውን አስገቡት።

«ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱም የእኔ ነው።»

«ክቡርነትዎ፣» አለ ሻለቃው፣ «ትራክተሮቹ ከባቡር ወርደዋል፤ ሰዉም ደርሷል። ይህ ሰው ወባው ገና አልለቀቀውም።»

አገረ ገዢው ስለ አፈር የሚያውቁት አልነበረም፤ ስለ ወረቀት ግን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስንዴው አልበቅል ያለ ዕለት ሁለተኛው ወረቀት ከአንድ መሳቢያ ወጥቶ በክቡር ሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ታያቸው።

«ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ነው፤ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ አድርግልኝ። ሁለተኛው ነው ካልክ፣ በወባው አመካኝተን እንቀደዋለን፤ ነገሩም እዚሁ ያበቃል። የመጀመሪያው ነው ካልክ ሰፈራው ይቀራል፤ አንተም ከዛሬ ጀምሮ በመሥሪያ ቤቱ የለህም።»

መርማሪው ብዕሩን አነሣ። ከዚያ «የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሞ ጠበቀ።

አሥር አለቃውን በጣቢያው መጋዘን ጥላ ሥር፣ በታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ አገኘው፤ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ፈቀቅ አለች።

«ጋሼ፣ የሚያወሩት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አፈሩ ክፉ ነው?»

«ክፉ አይደለም። ለሣር ደግ ነው፤ ማረሻ አይችልም እንጂ።»

«ታዲያ አንድ ሁለት ዓመት ብንሞክረው ምን ነበረበት? እንቢ ሲለን እንመለስ ነበር።»

«እናንተ ብትመለሱ ሜዳው አይመለስም።»

«ለሜዳው አዘንክለት፤» አለ ወንድሙ። ፍራሹን በደህና እጁ ብድግ አድርጎ ተሸከመና፣ በመመለሻው ባቡር ውስጥ ከመርማሪው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

አሥር አለቃው ወደ መርማሪው ጓዳ አልተመለሰም። በወደብ ጭነት አውራጅነት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ ሞተ፤ እስኪሞትም ድረስ፣ ባለ መሬት እንዳይሆን ያደረገው የገዛ ወንድሙ እንደሆነ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገር ነበር። የመሥሪያ ቤቱ የዓመት መጽሐፍ ነገሩን በሁለት መስመር ዘግቦታል፤ አንድ የአፈር መርማሪ በሥራ ቸልተኝነት መሰናበቱን፣ የሰፈራውም ዕቅድ በዚሁ ምክንያት መቅረቱን ይናገራል። የተጻፈው ሐሰት አይደለም። ሜዳው በዝናብ ወራት ዛሬም ሣር ያበቅላል፤ በግጦሽ ሜዳ ላይ ሣር መብቀሉን ግን የሚመዘግብ ጸሐፊ የለም። መርማሪውም በእርጅናው ዘመን፣ በየበጋው ነፋሱ ሲነሣ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ምሥራቅ ይመለከት ነበር፤ አየሩ ሁልጊዜ አቧራ የሌለበት፣ ጥርት ያለ ነው፤ ወንድሙን ጠርቶ የሚያሳየው ነገር አላገኘም።