ባዶ ቀፎ ሲያልበው

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን ቆሜ አይቻለሁ። ነገሩ የጀመረው ባምባሲ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ በነሐሴ ዝናብ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ባለቤቴ ገመቺስ አዲስ የሳጥን ቀፎ ሠርቶ ነበር። ጣውላውን ገጣጥሞ፣ ንቦቹ ማር የሚሠሩባቸውን ፍሬሞች ደርድሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ ብቻውን ተሸክሞ ማንጎው ሥር አስቀመጠው።

ገና ንብ አልገባበትም።

ዝናቡ ሲያባራ ክዳኑን ከፈትኩት።

ውስጡ ውሃ ያንጠባጥባል...

"ዝናብ አስገብቷል" አልኩት።

ገመቺስ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ስንጥቅ የለም።

"ከውጭ አልገባም" አለ ቀስ ብሎ። "ቀፎ እንዲህ የሚያልበው ንቦቹ ውስጡ ሲተነፍሱ ነው።"

"ንብ የለበትማ።"

ጎንበስ ብሎ ውስጡን ደግሞ አየው።

በጨርቅ ወለወለው። አየር ማስወጫ ቀዳዳ በሳለት። ውሃው እንዲወርድ ወደ ፊት አዘነበለው። በማግስቱ ስንከፍተው ግን የባሰ ርሷል።

እጄን ሰደድኩ።

ይሞቃል... የሰው አፍ ውስጥ እጄን የከተትኩ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገመቺስን ውሃ ጥም ያዘው። አንድ ጆግ ጨርሶ "ጨምሪልኝ" ይላል። ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ስኳርም አይደለም፣ ወባም አይደለም አሉን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጆሮውን ቀፎው ላይ ለጥፎ አገኘሁት።

"ተነስ፣ ገመቺስ።"

"ቀስ በይ... እኔ ትንፋሽ ሳስወጣ እሱ ያስገባል።"

ሮጬ ጎረቤታችንን ጠራሁ።

"ጋሽ አስማማው፣ ይህን ነገር ከግቢዬ ያውጡልኝ።"

ከወንድማቸው ጋር መጡ። ባዶ ሳጥን ነው... ሁለት ሰው ሊያነቃንቀው አልቻለም። ነጭ ጋዝ አርከፍክፈው ክብሪት ጫሩ። እሳቱ እሺሺ... ብሎ ጠፋ።

"ልጄ፣ ሰውዬሽን ይዘሽ ሂጂ" አሉኝ፤ ዓይኔን ሳያዩ።

አሶሳ ወስጄ ሆስፒታል አስተኛሁት። ግሉኮስ ሰቀሉለት። ከረጢቱ ባዶ ይሆናል፤ እሱ ግን ይደርቃል። እጁን ስይዘው ቆዳው ተንኮሻኮሸ። ሊያለቅስ ፈለገ... እንባ አልወጣውም።

"ጠጂቱ... አትልቀቂኝ።"

አልለቀቅኩትም። ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

በጠራራ ፀሐይ፣ እጁ እጄ ውስጥ እያለ ትንፋሹ ቆመ። ነርሷ ዓይኑን ከደነችለት።

ከአልጋው በላይ ያለው የመስኮት መስታወት ልክ ሰው እንደሚተነፍስበት በእንፋሎት ደበዘዘ... ጠራ።

ደበዘዘ... ጠራ።

ነርሷ በመዳፏ ጠረገችው። አልለቀቀም።

እንፋሎቱ በውጭ በኩል ነበር።