ሦስት ለሁለት

«የሞት ጉዳይ ከሆነ ታች ነው፤ ምድር ቤት፣ አራተኛው መስኮት» አለች ጸሐፊዋ ቀና ሳትል። «ሁለት ጉርድ ፎቶና የሟቹን መታወቂያ ይዘው ይቅረቡ።»

ከፊቷ የቆመችው ሴት አልተንቀሳቀሰችም። ሹራቧ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ቦርሳዋ በወረቀት ተወጥሮ ዚፑ አልዘጋ ብሏል።

«የሟቹ መታወቂያ እኔው ዘንድ ነው» አለች። «የምፈልገው ምስክር ወረቀት ሳይሆን የገደላቸውን ሰው ነው።»

ጸሐፊዋ ያኔ ቀና አለች። የቆመችው ሴት የፖሊስ መርማሪዋ ናት። ጸሐፊዋ ማፈር እንዳለባት ታውቃለች፤ ሀፍረቱ ግን አልመጣላትም። ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እንባም ሆነ ረሃብ አልመጣላትም። እጇ ብቻ ሥራውን ይሠራል።

የከተማው ምክር ቤት አምስት አባላት አሉት፤ ሰብሳቢው፣ መሐንዲሱ፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ ፋርማሲስቷና አዋላጇ። ትናንት የተሰበሰቡት ለአንድ አጀንዳ ነበር፤ የታችኛው ሰፈር ክሊኒክ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ። ሦስት የማዋለጃ አልጋና ይህችው አንዲት አዋላጅ ያላት ትንሽ ክሊኒክ ናት። የጸሐፊዋ እህት ስምንተኛ ወሯን ይዛ ከክሊኒኳ ጀርባ ትኖራለች። ሌላው ሆስፒታል ከወንዙ ማዶ ነው፤ መኪና ከተገኘ የአንድ ሰዓት መንገድ።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ የመሐንዲሱ ረጅም ሪፖርት ተነቦ ሲያበቃ፣ ሰብሳቢው እንደ ልማዱ «የሚቃወም?» ሲል ጠየቀ። ሁለት እጆች ወጡ፤ የአዋላጇና የፋርማሲስቷ። «ድምፀ ተአቅቦ?» ማንም አላወጣም። «በሦስት ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞ ጸድቋል» አለ። በዚህ ምክር ቤት የሚደግፍ እጁን አያነሳም፤ ዝም ያለ ሁሉ እንደ ደጋፊ ይቆጠራል። ጊዜ ለመቆጠብ ተብሎ የተጀመረ ነገር ነው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደ ተቆጠበ የጠየቀ የለም።

ጸሐፊዋ የተባለውን ጻፈች። ሁሉም ወረቀቱን ሰብስቦ ሲነሳ ግን ከደጋፊዎቹ አንዱ አልተነሱም። ጡረታ የወጡት መምህር ትከሻቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቆ፣ ቀዝቅዘው ነበር።

«ሻያቸው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ተጨምሯል» አለች መርማሪዋ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «ሐኪሙ እንዳለው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሞተዋል።»

ጸሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ የሞተ ሰው ነው የቆጠርኩት?»

«ብቻሽን አልቆጠርሽም። ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል?»

«ገና ነው። ከምሳ በፊት ይፈረማል። ከተፈረመ ክሊኒኩ ሰኞ ይታሸጋል።»

«እንግዲያው እስከ ምሳ ጊዜ አለን። የእጅ ጽሑፌን እኔም አላነበው፤ ነይ አንቺ ማስታወሻ ያዢልኝ። የሚሉትን እንዳለ ጻፊ፣ ሳታሳምሪ።»

«ሥራዬ እኮ ማሳመር ነው» አለች ጸሐፊዋ። ቀልድ ለማውራት አስባ አልነበረም። መርማሪዋ ግን ሳቀች።

በመጀመሪያ ያገኟት ሻይ አቅራቢዋን ነው። የሻይ ማሽኑን እየወለወለች ነበር፤ የነጣ ቦታ ላይ ደጋግማ።

«ትሪውን መስኮቱ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ማንም እያነሳ ለማንም ያቀብላል። ሁለት እጅ ነው ያለኝ፣ እቴ። መምህሩ ‹ዛሬስ ሻይሽ መረረ› አሉኝ። ‹ስኳር አልወድም እያሉ ማን ያጣፍጥልዎ!› አልኳቸው።» ጨርቁን ጨመቀች። «በቀልድ ነው የሸኘኋቸው።»

ሰብሳቢው የፊርማ ብዕሩን ከፍቶ ጠበቃቸው።

«ድምፁ እንዴት ይሆናል ብለው ነበር የገቡት?» አለችው መርማሪዋ።

«ሦስት ለሁለት ነዋ! እኔ፣ መሐንዲሱና መምህሩ። ባለፈው ስብሰባ መምህሩ በሁሉም ፊት ደግፈውናል። የገዛ ደጋፊዬን አስተኛለሁ እንዴ? ጨርቄን የጣልኩ መሰልኩሽ?»

መሐንዲሱም ያንኑ አለ። «ሦስት ለሁለት። ሰው ጠልቼ አይደለም የደገፍኩት። መሬቱ እየሰመጠ ነው፤ የማዋለጃው ግድግዳ ስንጥቅ እጄን ያስገባል። አንድ ቀን ቢደረመስ ማንን ነው የምትመረምሪው?»

ፋርማሲስቷ እጇን አጣጥፋ ነበር የተቀመጠችው። «መድኃኒት ሲባል ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነው።»

«ውጤቱን ምን ብለው ገምተው ነበር?»

«እንደምንሸነፍ አውቅ ነበር። እኛ ሁለት፣ እነሱ ሦስት። እጄን ያወጣሁት ለህሊናዬ ነው።»

«ከእርስዎ ዘንድ የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስደው ማነው?»

«የዚህን ከተማ ግማሽ የማስተኛው እኔ ነኝ። ስም ግን አልጠራም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዘሽ ነይ።»

አዋላጇን በአዳራሹ ውስጥ የትናንት ቦታዋ ላይ፣ ከመምህሩ ባዶ ወንበር ጎን ተቀምጣ አገኟት። ጸሐፊዋን ስታይ እጇን ያዘች።

«ልጄ፣ እህል አልቀመስሽም አይደል? ገርጥተሻል» አለቻት፤ ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ይቺን ስትወለድ የተቀበልኳት እኔ ነኝ። በእግሯ ነው የመጣችው። ያኔም ፊቷን ለሰው ማሳየት ታፍር ነበር።»

ጸሐፊዋ ፈገግ አለች፤ ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ድምፁስ?» አለች መርማሪዋ።

«ለጥቂት አመለጠን። ሦስት ነበርን እኮ። ምን ይደረግ።»

«መምህሩ አጠገብ ነበሩ። ያዩት ነገር የለም?»

«ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር።»

አዋላጇ ከወጣች በኋላ መርማሪዋ የመምህሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋን እንደ እሳቸው ግድግዳው ላይ ጣለች። «ወደ ቦታሽ ሂጂ» አለቻት ጸሐፊዋን። «ትናንት ከዚያ ሆነሽ ምን አየሽ? ድምፅ ሊሰጥ ሲል።»

«ምንም… እትዬ አዋላጇ የመምህሩን እጅ ይዘው ነበር። ደግ ናቸው ብዬ አሰብኩ።»

«እጃቸውን የቱ ጋ?»

ጸሐፊዋ የራሷን አንጓ በሁለት ጣት ያዘች። «እዚህ ጋ።»

«ዓይኗስ?»

«ሰዓቱን ያዩ ነበር።»

መርማሪዋ ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየችው። ቀጭኗ የሰከንድ ቆጣሪ አንድ ዙር እስክትጨርስ በዓይኗ ተከተለቻት።

ከምሳ በፊት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሻይ አቅራቢዋ በሩ ጋ ቆመች። መርማሪዋ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ይህ ከመምህሩ የደረት ኪስ የተገኘ ነው። ሊያነቡላችሁ ነበር ያዘጋጁት። ‹ባለፈው ደግፌ ነበር። ክሊኒኩን ሄጄ ካየሁ በኋላ ግን ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ እቃወማለሁ።›»

ሰብሳቢው ወረቀቱን ተቀብሎ ለራሱ ደግሞ አነበበው።

«መድኃኒቱ ለጤነኛ ሰው ጥሩ እንቅልፍ ነው፤ የመምህሩ ሳንባ ግን ደካማ ነበር። የሰጣቸው ሰው ሊገድላቸው አላሰበም። መምህሩ ከስብሰባው ቢቀሩ ሁለት ለሁለት ይሆናል፤ እኩል ከሆነ ደግሞ በደንባችሁ አጀንዳው ይወድቃል። ወንበራቸው ላይ ሆነው ዝም ካሉ ግን ደጋፊ ናቸው። ስለዚህ ያስተኛቸው ሰው ክሊኒኩ እንዲዘጋ ይፈልጋል።»

«እኛን ማለትሽ ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«እናንተማ ከእናንተ ጋር ናቸው ብላችሁ ነው የገባችሁት። የራሱን ሦስተኛ ሰው የሚያስተኛ የለም። ያስተኛቸው ሐሳባቸውን መለወጣቸውን ያወቀ ሰው ነው። ልጄ፣ የያዝሽውን አንብቢልን። ስለ ድምፁ ያሉትን ብቻ።»

ጸሐፊዋ ደብተሯን ገለጠች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። «ሰብሳቢው፦ ሦስት ለሁለት፤ እኔ፣ መሐንዲሱና መምህሩ። መሐንዲሱ፦ ሦስት ለሁለት። ፋርማሲስቷ፦ እኛ ሁለት፣ እነሱ ሦስት። አዋላጇ…»

ቆመች።

«አንብቢው፣ ልጄ» አለች አዋላጇ ቀስ ብላ።

«ሦስት ነበርን እኮ።»

ሻይ አቅራቢዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ትናንት ጠዋት መምህሩ ክሊኒኩ ድረስ መጥተው ነገሩኝ» አለች አዋላጇ። ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ትመስል ነበር። «‹አይዞሽ፣ ዛሬ ሦስት ነን› አሉኝ። ደስ ይላታል ብለው ነው።»

«እጅሽን አውጥተሽ ተቃውመሽ የለም እንዴ?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ሰፈሩ የመረጠኝ ክሊኒኩን እንድጠብቅለት ነው። በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ከመታጠብ ብዛት የነጡ ናቸው። «ሃያ ስድስት ዓመት በሬ ሳይንኳኳ ያደረ ሌሊት የለም። ልልቀቅ ስላቸው ‹ካንቺ ሌላ ማን አለን› ይሉኛል። ቢዘጋ ግን ማንም አይጠይቀኝም፤ እተኛለሁ። የአንቺ መድኃኒት እኔን አንድ ሰዓትም አያስተኛኝም። ሻያቸው ላይ ስጨምረው እሳቸውን ምን ያደርጋቸዋል ብዬ አሰብኩ።»

«ሲያንቀላፉ አንጓቸውን ይዘው ሰዓት ቆጥረዋል» አለች መርማሪዋ። «ያንቀላፋን ሰው ይቀሰቅሱታል እንጂ የልብ ምቱን አይቆጥሩም። ምቱ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ያኔ ቢጮሁ ኖሮ?»

«ብጮህ ድምፁ አይሰጥም ነበር» አለች አዋላጇ።

ሰብሳቢው ብዕሩን ከፈተ፤ መልሶ ከደነው። «ታዲያ ይሄ ቃለ ጉባኤ ምን ይሁን?»

ጸሐፊዋ ወረቀቱን ከፊቱ ሳበችና ሰረዘችው። ከዚያ በታች በንጹሕ ጽሑፏ እንዲህ ጻፈች፦ የተገኙ፣ አራት። ድጋፍ፣ ሁለት። ተቃውሞ፣ ሁለት። አጀንዳው ወድቋል።

«ተቃውሞው ሁለት ነው?» አለ መሐንዲሱ አዋላጇን በጎን እያየ። «የእሷ ከልብ አልነበረም እኮ።»

«እኔ የምጽፈው የወጣ እጅ ነው» አለች ጸሐፊዋ። «እጃቸውን አውጥተዋል።»

ሰብሳቢው ትንሽ አሰበና ፈረመ።

አዋላጇ ከመርማሪዋ ፊት እየሄደች ጸሐፊዋ ጋ ስትደርስ ቆመች። «እህትሽን በግራ ጎኗ ትተኛ በያት» አለቻት፤ ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ በሰዓቱ ተከፈተ። አዋላጅ ግን አልነበረበትም።