ክርን ለክርን

ማደንዘዣ ሰጪዋ በዚያ ጠዋት እጇን አጥብቆ የያዘውን እጅ የወንድም ፍቅር አድርጋ ቆጥራው ነበር። መሳሳቷን የተረዳችው ነፍሰ ገዳይ ተብላ ልትታሰር አንድ ሐሙስ ሲቀራት ነው።

ሟቹ ሁሉም «አባባ» የሚሏቸው አንጋፋ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ድሆችን በነፃ ለማከም በጎ ፈቃደኞቹን አስተባብረው ባሕር አሻግረው ያመጧቸው እሳቸው ናቸው። ሆዳቸውን አሟቸው ከቀዶ ጥገናው ክፍል አጠገብ ባለች ማረፊያ ግሉኮስ ተሰክቶላቸው እንደተኙ፣ ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ ሞተው ተገኙ። ከአልጋው ሥር ጡንቻን አስሮ ትንፋሽ የሚያቆም መድኃኒት ባዶ ብልቃጥ ወድቋል። ያ መድኃኒት በሕንጻው ውስጥ ከማደንዘዣ ሰጪዋ ሣጥን በቀር የትም አይገኝም።

መርማሪው ጠጉሩ የሸበተ፣ ከመናገር ይልቅ ማዳመጥ የሚቀናው ሰው ነበር።

«ሣጥንዎን አይቆልፉትም?»

«በወንድሞችና በእህቶች መካከል ቁልፍ ምን ያደርጋል ብዬ።»

«ከጸሎቱ በፊት የት ነበሩ?»

«በሽተኛዬን ለማየት ወደ መኝታ ክፍሎቹ ሄጄ ነበር። ተኝቶ ስላገኘሁት ሳልቀሰቅሰው ተመለስኩ።»

«ስለዚህ ያየዎት የለም። ፓስፖርትዎ እኔ ዘንድ ይቆያል።»

አገር ቤት በር በሩን እያየች የምትጠብቃት ልጇ ትዝ አለቻት።

ነርሷ በተራዋ ስትጠየቅ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ነበር፤ ምላሷ ግን አልደነዘዘም። «ልክ ከጸሎቱ በፊት አይቻቸዋለሁ፤ ደህና ነበሩ። እንዲያውም ‹ሻይሽ የእግር እጣቢ ነው› ብለው ሰደቡኝ። ከዚያ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ቀዶ ጥገናው ክፍል ገብቼ መሣሪያ ስደረድር ነበር።»

አባባ እንደ ልጃቸው ያሳደጉት ወጣቱ ሐኪም ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «እኔ ከቁርስ እንደተነሣሁ በቀጥታ ወደ መታጠቢያው ሄድኩ፤ ስጨርስ ወደ ጸሎት ገባሁ። የታጠበ እጅ የበር እጀታ እንኳ አይነካም፣ ጌታዬ።» ማደንዘዣ ሰጪዋን በዓይኑ እያመለከተም «እባክዎን እትዬ ላይ አይጨክኑ፤ ሰሞኑን ደክሟታል። ደካማ ሰው ይሳሳታል» አለ።

ከንፈር የመጠጠላት መስሏት ልታመሰግነው ቃጣት።

መርማሪው ቀኑን በሕሙማኑ አልጋዎች መካከል ሲዘዋወር ዋለ። አንዱን አንሶላ ገልጦ «ይህ ሰው ምን ታሞ መጣ?» አላት።

«ሆዱ ላይ ትንሽ እብጠት ነበረው።»

«ታዲያ ስፌቱ ከደረቱ እስከ እንብርቱ ለምን ወረደ?»

«ወጣቱ ዶክተር ‹ውስጡ የተወሳሰበ ነው› አለኝ። እኔ ማስተኛት ነው ሥራዬ።» እንዲህ የተሰፉት ሌሎች ትዝ ሲሏት አንገቷን ደፋች።

አመሻሹ ላይ መርማሪው ሦስቱን ቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው።

«እንደ ጠዋቱ ለጸሎት ቁሙልኝ።»

ልማዳቸው የታወቀ ነው፤ የታጠበ እጅ እንዳይቆሽሽ ክርን ለክርን ገጥመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ወጣቱ ሐኪም ክርኑን ወደ እሷ ዘረጋ። እሷ ግን ክርኗን ወደ ኋላ ሳበች።

«ጠዋት እንዲህ አልነበረም» አለች፤ ድምጿ ለራሷም ባዕድ ሆነባት። «እጄን ያዝከኝ። እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በአባባ ሕመም ያዘንክ መስሎኝ አጥብቄ ያዝኩህ።»

«ፎጣውም!» አለች ነርሷ። «ከጸሎቱ በኋላ እጁን እንዲያደርቅ ንጹሕ ፎጣ ሰጥቼው ደረቁን መለሰልኝ። በአየር ደርቆ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።»

መርማሪው ራሱን ነቀነቀ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ያ መድኃኒት ፈጥኖ ይገድላል፤ ስለዚህ ገዳዩ የገባው ነርሷ ከወጣች በኋላ፣ ጸሎቱ ሳይጀመር ነው። በዚያን ሰዓት እየታጠብኩ ነበር ያለው ሰው አልታጠበም። የታጠበ ሐኪም የሰው እጅ አይጨብጥም፤ ደንግጦ የቆመ ሰው ግን ያገኘውን ይጨብጣል። ብልቃጡም የወደቀው እንዲገኝ ተብሎ ነው፤ ይህች ሴት ብትገድል የራሷን ብልቃጥ ከሬሳ ሥር ትታ አትሄድም ነበር። የቀረኝ ምክንያቱ ነው። ከስድቡ ሌላ አባባ ምን ነግረውሽ ነበር?» አላት ነርሷን።

«‹ልጄን ዛሬ ቢላ አስጥለዋለሁ› አሉኝ። የአባትና የልጅ ኩርፊያ መስሎኝ፣ ስማቸው እንዳይነሣ ብዬ ዋጥኩት።»

«ስፌቶቹን አይተው ነበር» አለ መርማሪው። «ይህ ወጣት በአገሩ ያልተፈቀደለትን ከባድ ቀዶ ጥገና፣ ቀላል ሕመም ይዘው በመጡ ድሆች ገላ ላይ ይለማመድ ነበር።»

ወጣቱ ሐኪም ነጩን ግድግዳ እያየ «ለማን ይጮሃሉ እነሱ?» አለ። «አንድ ዓመት ብቻ ቢሰጡኝ እሳቸውን እበልጥ ነበር።»

«እኔንስ?» አለችው ማደንዘዣ ሰጪዋ። «እትዬ እያልክ፣ ከሣጥኔ ሰርቀህ?»

«ሌላ ሣጥን አልነበረም።»

የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል ሰምታ ታውቃለች፤ ከአንድ ወጪት አብራው የበላችው እሷ መሆኗን ግን አስባው አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ፓስፖርቷ ተመለሰላት። ተራ ይጠብቁ የነበሩትንና የተሰፉትን ሕሙማን አንድ ላይ ሰብስባ፣ አባባ በማን እጅ እንደሞቱ፣ የእነሱም ገላ ለምን እንደተቀደደ፣ ያስተኛቻቸውም እሷ መሆኗን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።