ቅርፊት የሌለው ዓሣ

አቶ ሰውነት ሞተው የተገኙት መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ከፊታቸው ትሪ፣ ትሪው ላይ የተበላ ዓሣ። ጭንቅላቱ የለም። ኢንስፔክተር ዝናሽ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ከበርበሬው ሥር ለእህል ነቀዝ የሚቀመጠው መድኃኒት ሸተታት። ለማንም አልተናገረችም። አጥንቱን ግን ደጋግማ አየችው፤ የጎን አጥንቱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰድሯል።

ግቢው በሰው ሞልቷል። ድንጋይ የጨበጠም አለ።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ፈንታሁን። «ያቺ ከኩዌት የመጣች የወንድማቸው ልጅ ናት። መርዛም ዓሣ ታረባለች። አብልታ ገደለቻቸው። ገንዳዎቹን እንስበርና ልጅቷን ይዘሻት ሂጂ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ አልናቸው፣ አልሰማ አሉ።»

«እኔም የመጣሁት ዘንዶውን ፈልጌ ነው» አለች ዝናሽ። «እስከዚያ አንድ መስታወት ቢሰበር ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።»

ዓሣዎቹ ያሉት በመንገድ በኩል ባለው ክፍል ነው። እባብ የሚመስል፣ ጢም ያበቀለ፣ ጀርባውን ገልብጦ የሚዋኝ በየመስታወት ገንዳው ይመላለሳል። ግድግዳው ላይ የደረቀ የባሕር ኮከብና የባሕር ፈረስ ተሰቅሏል። የሟች የወንድም ልጅ ፍሬሕይወት እጇን ዘርግታ ከገንዳዎቹ ፊት ቆማለች። ዓይኗ ያበጠ ነው፤ እንባ ግን የለበትም።

«ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ከፈለጋችሁ ከነገንዳው ተሸከሙኝ።»

«ማን አቅም አለው?» አለች ዝናሽ። «ይልቅ አሳዪኝ። ገዳይ የተባለው የቱ ነው?»

ፍሬሕይወት ቢጫ መስመር ያለው ድቡልቡል ዓሣ አሳየቻት። «ፊኛ ነው የምንለው። ሲቆጣ ይነፋል። ከኦሞ በሹፌር ያስመጣሁት ነው። ሁለት ነበሩ። አንበሳሜ ሰርግ አድሬ ጧት ስመለስ አንዱ የለም።»

«መርዝ አለው?»

«ለሚበላው አለው። አያ ሰውነትም ያውቃሉ። ከእርሻ ሲመለሱ እዚህ ተቀምጠው ነው የሚያመሹት፤ ስሙን ያወጡለትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ናቸው ፊኛን የሚበሉት?»

«ቅርፊትስ?»

«የለውም። የጎን አጥንትም የለው። ቢኖረው እንዴት ይነፋ ነበር?»

ዝናሽ የሟችን ልጅ ደረጄን አስጠራች። ነጠላውን አስተካክሎ ገባ፤ ወደ ገንዳዎቹ ግን አልተጠጋም።

«አባቴ ክፍሉን በእሁድ እንድትለቅ ነግረዋት ነበር። በቀሏን ተወጣች። እኔ ቤቴ ነው ያደርኩት።»

«ውሸቱን ነው!» አለች የእንጀራ እናቱ እቴነሽ ከበሩ ላይ። ጎረቤት ልቅሶ አድራ ገና መመለሷ ነው። «እሁድ ሽማግሌ የተጠራው አባቱ ክፍሉን ሊሰጧት ነው። እሱ ወፍጮ ሊተክልበት ቋምጦ ነበር።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«እኔ እጠይቃታለሁ» አለች ዝናሽ። ፖሊሶቿን ወደ ጓሮውና ወደ ደረጄ ቤት ላከች። እነሱ ሲመለሱ ጥቂት በጆሮዋ ነገሯት። ያኔ አቶ ፈንታሁንን ጨምራ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። መሐል ላይ ባልዲ አስቀመጠች።

«እስቲ ያን ጢማም አምባዛ አውጡልኝ።»

እቴነሽ እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ነከረችና ዓሣውን እየተወራጨ ባልዲው ውስጥ ጣለችው። «እኔ የጣና ዳር፣ የቆራጣ ልጅ ነኝ። አምባዛ ስበልት ነው ያደግሁ።»

«ደረጄ፣ አንተ መልሰው።»

ደረጄ ወደ ኋላ ሸሸ። «ምን ሲደረግ! መቅደስ የምሳለም ሰው ነኝ። ቅርፊት የሌለውን መጽሐፉ ርኩስ ይለዋል። በሕይወቴ ነክቼ አላውቅ!»

«አምንሃለሁ» አለች ዝናሽ። «አሁን ስሙኝ። ትሪው ላይ ያለው ዓሣ የጎን አጥንት አለው፤ ፊኛ የምትሉት ዓሣ ግን የለውም። ጭንቅላቱ የተጣለው ቅርፊታሙ ቀረሶ መሆኑ እንዳይታወቅ ነው። አቶ ሰውነትን የገደላቸው የነቀዝ መድኃኒት ነው፤ በርበሬው ውስጥ ይሸታል። የጠፋውን ፊኛ ከጓሮ ጉድጓድ አገኘነው። በባልዲ ተቀድቶ ተደፍቷል፤ ቢላ አልነካውም።»

«ታዲያ?» አሉ አቶ ፈንታሁን።

«ታዲያማ፣ መርዛም ዓሣ ከእጁ የገባ ሰው ሌላ መርዝ ለምን ፈለገ? ፍሬሕይወት ብትሆን ፊኛውን ራሱን ትጠብሰው ነበር። እቴነሽም ብትሆን ቆዳውን ለመግፈፍ አትሰቀቅም። ቅርፊት የሌለውን አርዶ መጥበስ የተጸየፈ አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ከገበያ ቅርፊት ያለው ዓሣ ገዛ፤ ጠብሶ መድኃኒት ነሰነሰበት፤ አባትም ከልጃቸው እጅ ተቀብለው በሉ። የተፋቀው ቅርፊት ደረጄ ጓሮ፣ አመዱ ላይ ነው።»

ደረጄ ቀና አለ። «አዎ! የአያት የቅድመ አያቴን ቤት ለዓሣ ሲሰጡ ቆሜ ልይ? እጄ ግን ርኩስ አልነካም!»

«አባትህን አጉርሶ የገደለ እጅ?» አለች ዝናሽ። ካቴናውን አስገባችለት።

ይዘውት ሲወጡ ሰዉ መንገድ ለቀቀ፤ ድንጋዩን ግን አልጣለም። አቶ ፈንታሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ነጻ ነሽ። ቢሆንም ሰዉ ፈርቷል። ወደ ባሕር ዳር ብትወስጃቸውስ? ውሃም እዚያ አለ።»

«እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ዓሣዎቼም እዚሁ ናቸው» አለች ፍሬሕይወት። በመንገድ በኩል ያለውን በር ወለል አድርጋ ከፈተች። «ድንጋይ የያዘ ይግባ! መጀመሪያ ይይ፤ ከዚያ ይወርውር።»

ማንም አልተነቃነቀም። እቴነሽ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«ሽማግሌዎቹ እሁድ ይመጣሉ። ባሌ ቢሞት ቃሉ አልሞተም። እኔ ሚስቱ እመሰክራለሁ። የሚወረውር እኔን አልፎ ይወርውር።»

ከፊት የቆመ አንድ ጎልማሳ ድንጋዩን ከደጅ አስቀመጠ። እቴነሽን «ይቅርታ እናት» ብሎ ተራምዷት ገባ።

«የቱ ነው» አለ፣ «የሚነፋው?»