ጫጩት ያለችበት ዲስክ

ልብስ ሰፊዋ የሱቁን በር ገፍታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አልነበረም፤ ዲስኩን ነበር። ይህን ኋላ ለመርማሪዋ ስትናገር አፈረች፤ እውነቱ ግን እሱ ነው። ክዳኑ ተፈልቅቆ፣ መስታወት የሚመስለው ሆዱ በብረት ተፈቅፍቆ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ሰውየው ከጠረጴዛው ሥር ወድቆ፣ ደሙ ወለሉ ላይ ረግቶ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰፈሩ «ዶክተር» ይለው ነበር፤ የሚያክመው ግን የታመመ የኮምፒውተር ዲስክ ነው። የሷም ዲስክ ከታመመ ሰንብቷል፤ ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ብሎ ይቆማል። በመኪና አደጋ የሞተች ልጇ፣ ጫጩት የምትላት፣ በስልኳ የቀረጸችው ሁሉ በራሱ ወደ ቤቱ ኮምፒውተር ይሄድ ስለነበር ሳቋም ዘፈኗም ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው። «ደግመሽ እንዳትከፍቺው፤ በከፈትሽው ቁጥር ራሱን ይበላል» ብሏት ነበር ዶክተር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ትናንት ትዕግሥቷ አልቆ «እስከ መቼ ነው ቆይ የምትለኝ?» ብላ ጮኸችበት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ዛሬ እሱ ሞቶ፣ እሷ ደም የነካ ዲስክ ታቅፋ ተገኘች። ሰው ከዚህ ሌላ ምን ምስክር ይፈልጋል?

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ ስሙን ሲያወጡላት እያሾፉ ነበር፤ ኋላ ሹፈቱ ቀርቶ ስሙ ቀረ።

«እስቲ ስጪኝ፣ እህቴ።»

«አልሰጥም።»

«አልወስድብሽም። ልየው ብቻ።»

ልብስ ሰፊዋ ከደረቷ አላቅቃ ሰጠቻት። መርማሪዋ ክር መርፌ ውስጥ እንደሚያስገባ ሰው ዓይኗን አጥብባ የተጎዱትን ብሎኖች አየች። ከዚያ ክዳኑን ገለበጠችው። ቢጫ ዓሣ የተሳለበት የልጆች የቁስል ፕላስተር ተለጥፎበታል። ጠረጴዛው ላይም የፕላስተሩ ካርቶን ተከፍቶ ተቀምጧል።

የዶክተርን ሚስት ወደ ጥግ ወስዳ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ የሰማችው «የልጆቻችን ነው፤ የሱ ቀልድ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው። ሴትዮዋ ይህን ብላ አለቀሰች።

ቀጥሎ የዶክተር ሸሪክ ተጠየቀ።

«ይህን ክዳን በምን ትፈቱታላችሁ?»

«በኮከብ መፍቻ። ያውልዎት፣ አፍንጫዎ ሥር ተሰቅሏል። ግን ዝም ብለን አንፈታውም። ግድ ካልሆነ፣ ግድ ከሆነም እዚያ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። አቧራ ከነካው አለቀለት።»

ልብስ ሰፊዋ ቃሉን ለራሷ ደገመችው። አለቀለት። ልጇን ሁለተኛ ቀበረቻት ማለት ነው።

ባሏ ሹፌር ነው፤ ተጠርቶ ከሥራ መጣ። ቀኝ እጁን ጃኬት ኪሱ ውስጥ ከቶ በግራው አቀፋት።

«ተይው በቃ፣ የኔ እመቤት። እሷ ከሄደች ድምጿ ምን ይሠራልናል?»

«አንተ ተወው። እኔ አልችልም» አለችና ከክንዱ ወጣች።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ መርማሪዋ አራቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ዶክተር ተገፍቶ ነው የወደቀው፤ ጭንቅላቱን የጠረጴዛው ብረት አገኘው። የገፋው ሰው ከዚያ ዲስኩን ሊያጠፋ ተቀመጠ። የሙያው ሰው አይደለም፤ ኮከብ መፍቻው ተሰቅሎ እያለ በጠፍጣፋ መፍቻ ነው የፈለቀቀው። ስለዚህ ሸሪክየው አይደለም። የዶክተር ሚስትም አይደለችም፤ ፕላስተር የተለጠፈበትን ዲስክ መፈቅፈቅ ከንቱ ድካም መሆኑን ታውቃለች።»

«ለምን ከንቱ ይሆናል?» አለ ሹፌሩ።

መርማሪዋ አየችው።

«ዶክተር በታመመው ዲስክ ላይ አይሠራም። መጀመሪያ ሁሉንም ጤነኛ ዲስክ ላይ ይገለብጣል። ገልብጦ ሲጨርስ ፕላስተር ይለጥፍና ‹ታክሞ ወጥቷል› ይላል። ልጅቷ መደርደሪያው ላይ ናት።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ መደርደሪያው ስትሮጥ ወንበሩ አደናቀፋት። ባሏ ዘሎ በሁለት እጁ ደገፋት። ያኔ አውራ ጣቱን አየችው። ቢጫ ዓሣ።

«እናንተ ቤት ልጅ የለም» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «ይህን ፕላስተር ከየት አመጣኸው፣ ወንድሜ? ዶክተር ትናንት አመሻሽ እናንተ ቤት መደወሉንም ስልኩ ላይ አይቻለሁ፤ ማን አነሳው?»

ሹፌሩ ሚስቱን አልለቀቃትም።

«እኔ ነኝ። ‹አደጋው የደረሰ ቀን መኪና ውስጥ የተቀረጸም አለ› አለኝ። ሄጄ እሱን ብቻ አጥፋልኝ ብዬ ለመንኩት። ‹የእናትየው ነው፤ አልነካም› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ክዳኑን ስፈለቅቅ ጣቴን ቆረጠኝ።»

«ምን አለበት እሱ ቪዲዮ?» አለች ሚስቱ። «ውሻ ገባብኝ ብለኸኝ አልነበር?»

«ውሻ አልነበረም። ስልክ እያየሁ ነበር።»

በጥፊ መታችው። «ልጄን ገደልክ። አልበቃ ብሎህ ድምጿን ልትገድል መጣህ?»

«እሺ፣ እንዳልሽ። ግን በጫጩት አጥንት ይዤሻለሁ፣ የመጨረሻውን አትክፈቺው።»

ለራሱ ፈርቶ መሰላት። ሲወስዱትም ዞራ አላየችውም።

«የቀሩትን ብቻ ልስጥሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«ሁሉንም።»

ሸሪክየው ጤነኛውን ዲስክ ሰካ። ጫጩት መኪና ውስጥ እግሮቿን እያወዛወዘች ትቀርጻለች፤ ትስቃለች። እናቷም አብራ ሳቀች፤ ሳቅ ከወጣት ስንት ጊዜዋ ነው። ስልክ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። ከዚያ የመልእክት ድምፅ ተሰማ።

«ማነው፣ አባዬ?»

«እናትሽ ናት። ‹ቀሚሷ አልቋል፣ ቶሎ ኑ፣ ለምን አትመልስልኝም› ትላለች።»

«መልስላት እንጂ። መጣን በላት።»

«እሺ፣ ልጻፍላት» አለ የባሏ ድምፅ። ቪዲዮው እዚያ ላይ ቆመ።

ልብስ ሰፊዋ በሩን አየች። መኪናው ባሏን ይዞ ሄዷል።

«ከመጀመሪያው ጀምርልኝ» አለች።