የጮኸው እግር

ማረው ሐሙስ ጧት ርብ ወንዝ ዳር ካለው ጨፌ ውስጥ ማጅራቱን ተመትቶ በደረቱ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ቀትር ሳይሆን ቀጥቃጩ ደሞዝ ታሰረ። ሰኞ ዕለት በማረሻ ሥራ ከሟች ጋር ተሰዳድበው ነበር፤ ለአገሬው ይኸው በቃው። ሌላው የሟች ባላንጣ የገዛ ወንድሙ ያየህ ነው፤ በዚያው ጨፌ ድርሻ ሦስት ክረምት ተካሰዋል። እሱ ግን ማክሰኞ በሬ ረግጦት እግሩ በመቃ ታስሮ ተኝቷል።

አምሳ አለቃ ታከለ ከወረታ በበቅሎ ደረሰ። ደሞዝን ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መኪና በማግስቱ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማዋል? ታከለ መቀመጥ አልሆነለትም። በያየህ ግቢ እየተንጎራደደ እግሩን ያሰረችውን ወጌሻ ድንቅነሽን ጠየቃት።

«እትዬ፣ መሰበሩን በምን አወቁ?»

«አጥንቱን ተጫንሁት፤ ጮኸ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ነው፤ አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

«ዘንድሮ ስንት እግር ተጫኑ?»

«ሃያ ይሆናል።»

«ስንቱ ጮኸ?»

«ሁሉም ነዋ! ያበጠ እግር ሲነኩት የማይጮህ ማን አለ?»

«ስንቱ ተሰብሮ ኖሯል?»

ድንቅነሽ ጣቶቿን አጠፈች። «ስምንቱ። የቀሩት በሳምንታቸው ሞፈር ጨብጠዋል።»

«ታዲያ ጩኸቱ ምን ነገረዎት?»

ያጠፈቻቸውን ጣቶች ዘረጋች። «ተረከዝ መምታትም አለ» አለች። «ስብራት ካለ ተረከዙ ሲመታ ሕመሙ ከሩቅ ይሰማዋል። አንዳንዱ ግን ተሰብሮም ዝም ይላል።»

ታከለ የሟችን ሚስት ማናዬን፣ ሽማግሌዎቹንና እጁ የታሰረውን ደሞዝን በያየህ አልጋ ዙሪያ ሰበሰበ።

«ቀጥቃጩን ትታችሁ ሰባራ ታስጨንቃላችሁ?» አለች ማናዬ።

ድንቅነሽ ተረከዙን በቡጢ መታችው። ያየህ ምን እንደሚጠበቅበት አላወቀምና ዝም ብሎ አያት።

«ይህ ለመጠርጠር እንጂ ለመፍረድ አይበቃም» አለ ታከለ። «እትዬ፣ ማክሰኞ ሲያስሩት እግሩን ምን አደረጉት?»

«በሙቅ ውኃ አጥቤ ቅቤ ቀባሁት።»

«አንተስ፣ ከዚያ ወዲህ መሬት ረግጠሃል?»

«ለሽንት እንኳ ተሸክመው ነው የሚያወጡኝ!» አለ ያየህ።

«እንግዲያው ይፍቱት።»

መቃው ተፈታ። ከጨርቁ ሥር፣ ቅቤው ላይ፣ ጥቁር ጭቃና የጨፌ ሣር ፍሬ ተለጥፏል።

«ጩኸቱ ከሰባራም ከደኅናም ይወጣል፤ ስለዚህ ማንንም ነጻ አያወጣም» አለ ታከለ። «የተረከዙ ዝምታ አስጠረጠረኝ። ቅቤው ግን የተሄደበትን ይዞ ተመለሰ። ላዩን አጥቦታል፤ የእትዬን ቋጠሮ ግን መልሶ ማሰር ስለማይችል ውስጡን አልነካውም።»

«ሦስት ክረምት!» ሲል ያየህ ጮኸ። «ሦስት ክረምት ከብቶቼን ከአባቴ ጨፌ አባረረ!» በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር።

ደሞዝ ተፈታ። ገመድ የበላው የእጁ አንጓ አብጧል። ድንቅነሽ ይዛ ተጫነችው፤ ጮኸ።

«ተሰበረ?» አለች ማናዬ፣ ቀና ብላ ሳታየው።

«እኔ ምን አውቄ» አለች ድንቅነሽ፤ የጣቱን ጫፍ ይዛ ቀስ ብላ መታ መታ ማድረግ ጀመረች።